ለጤና ጣቢያዋ ነርስ ያልነገርናት

እህቶቼ፣ ባለፈው ጁምዓ ስለ ደመወዝና ስለ ኢቃማ ብዙ ተባብለናል። ዛሬ የደረሰኝ ስለ እናቶችና ስለ ልጆች የአእምሮ ጤና ነው። «እኛ ሐኪም አይደለን፣ ምን አገባን?» ያላችሁኝ አላችሁ። ያገባናል እንጂ። አገር ቤት አራሶቻችንንና ልጆቻችንን የምታክመዋን ነርስ ሪያድ ሆነንም ልናግዛት እንችላለን።

የአእምሮ ሕመም ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ነው። ከወሎ ገጠር አዲስ አበባ ድረስ ማን ይዞ ይሄዳል? ስለዚህ ይተዋል። ግን የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሥራ አለ፤ የአእምሮ ሐኪም በሌለበት ቦታ ነርሱና ጤና መኮንኑ የተለመዱትን ሕመሞች እዚያው እንዲያክሙ ማሠልጠን። በእኛም አገር ጉራጌ፣ ሶዶ ወረዳ ጤና ጣቢያዎች ውስጥ ተሞክሯል። በእርግጥ ሥልጠና ብቻውን አይበቃም። የሠለጠነው ይቀየራል፣ መድኃኒት ያልቃል፣ ሲቸግረው የሚያማክረው ሰው ይፈልጋል። ያ የመንግሥት ሥራ ነው። የኛ ድርሻ መናገር ነው፤ ነርሷ ያልተነገራትን ከየት ታመጣዋለች?

ከመካከላችን የአንዷን ልጅ ነገር፣ እሷን አስፈቅጄ ልንገራችሁ። ሰባት ዓመቱ ነው። ሆዴን ሆዴን ይላል፤ ትቶት የነበረውን አልጋ ላይ መሽናት እንደገና ጀመረ። አያቱ ጤና ጣቢያ ወሰዱት። «ሆዱን ያመዋል» አሉ፣ የወስፋት መድኃኒት ተሰጠው። ሁለተኛም ሦስተኛም እንደዚያው። እናቱ ዓረብ አገር ከሄደች ሁለት ዓመት እንደሆናት፣ ልጁም ትምህርት ቤት ከሰው እንደማያወራ ለነርሷ የነገራት የለም። አያት እንዴት ይናገሩ? «እኔ እያለሁ ምን ጎደለበት» ነው የሚሉት፣ እንደ ነቀፋ ይሰማቸዋል። በአራተኛው እናቱ ሁሉንም በድምፅ ቀድታ በዋትሳፕ ላከች፤ አጎቱ ለነርሷ አሰማት። ያን ቀን ነርሷ ሆዱን ትታ ስለ ልጁ ጠየቀች። መድኃኒት አልሰጠችውም። ሲሸና እንዳይመቱትና እንዳያሳፍሩት አያቱን መከረች፣ እናቱም ቀን ቆርጣ እንድትደውል አለች። እናትየው የምትደውለው መዳም ስትተኛ ብቻ ነበር፤ ልጁ አንዳንዴ ስልኩን ታቅፎ ያድራል አሉ። አሁን ሰኞና ሐሙስ ማታ ሆኗል። አልፎ አልፎ አሁንም ይሸናል፣ ሆዱን ግን ትቶታል።

ወደ አራስ ልምጣ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በአዳጊ አገሮች ከወለዱ እናቶች 19.8 ከመቶው የአእምሮ ሕመም ያገኛቸዋል፤ አብዛኛው ድብርት ነው። ከአምስት አንዷ ማለት እኮ ነው! በስልክ «እንዴት ነሽ?» ብትሏት «ደህና፣ አልሐምዱሊላህ» ነው መልሷ። ስለዚህ ለይታችሁ ጠይቁ፦ ሕፃኑ ተኝቶ እንኳ እንቅልፍ እምቢ ይልሻል? እህል ይበላልሻል? ሕፃኑን ስታዪው ምን ይሰማሻል? ሐዘኑ ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ሕፃኑን በ45 ቀኑ ለክትባት ስትወስደው ለራሷም ትናገር። ጠበል የሚሄድ ጠበሉን፣ ዱዓ የሚያስደርግ ዱዓውን ያድርግ፤ ጤና ጣቢያውን አይከለክልም። የምታጠባ መሆኗም ይነገር፣ መድኃኒት ካስፈለገ የሚመረጠው ያንን አይቶ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ምክር ይቀድማል። ራሴን ላጥፋ ወይም ሕፃኑን ልጉዳ ካለች፣ ሰው ሳይኖር ድምፅ ከሰማች ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል፣ ለብቻዋም አትተው።

ገንዘብ ስትልኩ የመጓጓዣውን ለይታችሁ ላኩ። ለዒድ ወይም ለፋሲካ የላካችሁት በግ ይገዛበታል፤ ጤና ጣቢያ የሚያደርስ ባጃጅ ግን ማንም አያስበውም።

የድምፅ መልእክቱን ምን ብዬ ልጀምር የምትሉ፣ ከሻይ በኋላ ወደኔ ኑ፣ አብረን እንቀዳለን።