አንድን ዜማ የአይሁድ የሚያሰኘው ምንድን ነው?



በፊታችሁ የምናነሣው ጥያቄ ከዲላ የራቀ ቢመስልም መልሱ ለኛም ይጠቅማልና ጥቂት ታገሡን።

ብዙ ሰው አንድን ዜማ የአይሁድ የሚያሰኘው ቃናው ነው ይላል። ነገር ግን የፖላንድ፥ የየመንና የሞሮኮ አይሁድ ያንኑ የዳዊት መዝሙር የሚያዜሙት በየራሳቸው ቃና ነው፤ ቃናውም ብዙ ጊዜ የጎረቤቶቻቸውን ይመስላል። ሌላው ደግሞ ቋንቋው ዕብራይስጥ መሆኑ ነው ይላል። ይህን የሚያፈርስ ምስክር ግን በአገራችን ይገኛል።

በጎንደርና በአካባቢው ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል ኦሪትን የሚያነቡትም ጸሎታቸውን የሚያዜሙትም በግዕዝ ነበር። በበዓላቸውም ነጋሪትና ቃጭል ይመቱ ነበር። ኬይ ካውፍማን ሼለሜይ የተባሉ አሜሪካዊት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1973 በአምቦበር መንደር ዜማቸውን ቀርጸው አጠኑ፤ በ1986 ባሳተሙት መጽሐፍም ሥርዐቱ ከኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ጋር እጅግ የተዛመደ መሆኑን አስረዱ። የቤተ እስራኤል ትውፊት ራሱ የምንኵስናቸውንና የብዙ ጸሎታቸውን መነሻ በ15ኛው መቶ ዓመት ለነበሩት ለአባ ሰብራ ይሰጣል።

እንግዲህ ቋንቋው ከጎረቤት ጋር አንድ ከሆነ፥ ዜማውም ከተዛመደ፥ አይሁዳዊ የሚያሰኘው ምን ቀረ? በኛ አስተያየት የቀረው ዋናው ነገር ነው። በሰንበት፥ በፋሲካና በስግድ ፊታቸውን ወደ ኢየሩሳሌም መልሰው የኦሪትን አምላክ ያመሰግኑበት ነበር። ዜማን የአንድ ሕዝብ የሚያደርገው የተወለደበት ስፍራ ሳይሆን፥ ማን፥ ለማን፥ ስለ ምን እንደሚያዜመው ነው።

እንዲህ ከሆነ ግን የዜማው ሕይወት በአዜሚው እጅ ነው። ቤተ እስራኤል እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 በብዛት ወደ እስራኤል ተጓዙ። በ2008 ስግድ በዚያ አገር በሕግ ብሔራዊ በዓል ሆነ፤ ልጆቻቸው ግን የሚማሩትም የሚጸልዩትም በዕብራይስጥ ስለ ሆነ፥ የቄሶቻቸውን ግዕዝ የሚረዱት ጥቂቶች ናቸው። በዓሉ እየተከበረ ዜማው ሊጠፋ ይችላል ማለት ነው።

ይህ እኛንም ይመለከተናል። ከሚሲዮናውያን ጋር ከባሕር ማዶ የመጣ ዜማ በጌዴኦኛ ሲዘመር «የፈረንጅ ነው» የሚል አለ፤ የአባቶቻችንንም ዜማ «ለመዝሙር አይገባም» የሚል አይጠፋም። ሁለቱም ያዩት ቃናውን ብቻ ነው። የጌዴኦ ምእመን በገዛ ቋንቋው ከልቡ የሚያመሰግንበት ሁሉ የራሱ ነው። የአያቶቻችንን ዜማ ግን ዛሬ ከአፋቸው ካልተማርን፥ ነገ «የኛ ነው» ብንልም የሚያዜመው አናገኝም። ስለዚህ ጓደኞቻችን ሆይ፥ በዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ አያቶቻችንን እንጠይቅ፤ የነገሩንንም በደብተራችን እንጻፍ።