ለመምህራችን መታሰቢያ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



በደስታ በዓል ላይ የሐዘን ነገር ማንሣት ያልተለመደ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ትምህርት ቤት የሚከበረው ስለ ግንቡና ስለ ጣራው ሳይሆን በውስጡ ስለ ደከሙት ሰዎች ነው። ስለዚህ ባለፈው ክረምት በሞት የተለዩንን የሒሳብ መምህራችንን ሳናስብ ብንቀር በዓሉ ጐደሎ ይሆናል ብለን ጥቂት ቃል ለመናገር ፈቃድ ጠየቅን። ስማቸውን ባንጠራም በዚህ አዳራሽ ያለ ሁሉ ማንን እንደምንል ያውቃል።

ሰው ከሞተ በኋላ «ደግ ነበረ» ማለት የተለመደ ነው። እኛ ግን ደግነታቸው በምን ሥራ ይገለጥ እንደ ነበረ መናገር እንወዳለን፤ ሥራው ካልተነገረ ምስጋናው ለማንም ልክ የሚሆን ልብስ ይሆናልና።

አስቀድመን ስለ አባትነታቸው እንናገር። ልጃቸው የክፍላችን ተማሪ ናት። ሲያስተምሩን ከእኛ ለይተው አላዩአትም፤ ጥያቄ ሲከብዳት እንደ ማናችንም ቆማ ታስብ ነበር፤ ስትመልስም እንደ ማናችንም «ጐበዝ» ትባል ነበር። ወደ ቤት ሲመለሱ ግን ደብተሯን ተቀብለዋት፥ አባትና ልጅ እየተጨዋወቱ በጦሳ ግርጌ ያለውን ዳገት ቀስ ብለው ሲወጡ እናያቸው ነበር። ማታ ከእርስዋ ጋር ለማጥናት ስንሄድ እራት ሳንበላ የተመለስንበት ቀን የለም።

ስለ ጉርብትናቸውም፥ የሰፈሩ ዕድር ጸሐፊ እንደ ነበሩ ታውቃላችሁ። ዕድር ምን እንደ ሆነ ለወላጆቻችን መናገር ለቀባሪ ማርዳት ነው፤ ታናናሾቻችን ግን ይስሙት። ዕድር፥ በወሎ ባላገር ቅሬ የምንለው፥ የሞተ ሰው ያለ ቀባሪ እንዳይቀር፥ ሐዘንተኛም ብቻውን እንዳያለቅስ ጎረቤት ከጎረቤት ጋር የገባው ቃል ኪዳን ነው። በከተሞች ይበልጥ የተስፋፋው በጣሊያን ወረራ ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፥ እና ከዚያ ወዲህ ነው። አባሎች በየወሩ ያዋጣሉ፤ በመዋጮውም ድንኳን፥ አግዳሚ ወንበር፥ ድስትና ሳሕን ይገዛል። ሳይከፍል የቀረ ስሙ በስብሰባ ይነበባል፤ ይቀጣልም።

መምህራችን ይህን መዝገብ ሲይዙ፥ በስብሰባው ዋዜማ ያልከፈሉትን ሰዎች ቤት ለቤት እየሄዱ ያነጋግሩ ነበር። የረሳውን ያሳስቡታል፤ ላጣው ደግሞ የዕድሩን ዳኛ ለምነው ጊዜ ያሰጡታል። «ቅጣት ለቸልተኛ እንጂ ለድሃ አልተሠራም» ይሉ ነበር። ስለዚህ በእሳቸው ዘመን ስለ ድህነቱ በሰው ፊት ያፈረ ጎረቤት አልነበረም፤ ከመዝገቡም አንድ ሳንቲም አልጐደለም። ደግነታቸው ደንብን አያፈርስም ነበር፤ የደንብን ሻካራ ያለሰልስ ነበር እንጂ።

በቀብራቸው ዕለት ድንኳኑን የተከሉት፥ ውሃውንም ያመላለሱት ሙስሊም ጎረቤቶቻቸው ናቸው። ንፍሮውንም ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አብሮ ቀመሰ። በየሐዘናቸው ሁሉ ቀድመው በደጃቸው የሚደርሱት እሳቸው ነበሩና፥ «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የተባለው በዚያ ቀን በዓይን ታየ።

ስለ ባልደረባነታቸው መምህራኖቻችን ከእኛ ይበልጥ ያውቃሉ። መምህር ሲታመም ክፍለ ጊዜውን ደርበው የሚያስተምሩት እሳቸው ነበሩ። አዲስ መምህር ከሩቅ አገር ተመድቦ ሲመጣ የሚከራየው ቤት እስኪያገኝ ድረስ የሚያድረው በእሳቸው ቤት ነበር። የባልደረባቸውን ስም በተማሪ ፊት በክፉ ሲያነሡ የሰማ የለም። ደብተራችንንም የሚያርሙት በእርሳስ ነበር። ምክንያቱን ብንጠይቃቸው፥ «ስሕተት የሚጠፋ ነገር ነው፤ በማይጠፋ ቀለም ለምን እጽፈዋለሁ?» አሉን።

ሒሳብ ለከበደው ተማሪ ሁሉ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ያለ ክፍያ ያስተምሩ እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። ዘንድሮ ትምህርት ሲከፈት የዚያ ክፍል በር እንደ ተዘጋ ቀረ። አርባቸው የወጣ ዕለት ከቤታቸው ስንመለስ ይህን ተነጋገርን። ሐውልት ማቆም አንችልም፤ በሩን መክፈት ግን እንችላለን አልን። ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ተራ እየገባን የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ታናናሾቻችንን እናስጠናለን። የማናውቀው ጥያቄ ሲመጣ በሰሌዳው ጥግ ጽፈን ሰኞ መምህራንን እንጠይቃለን።

እኛ ግን በዓመቱ መጨረሻ ፈተናችንን ወስደን እንሄዳለን። ስለዚህ ልመናችን ይህ ነው። ወላጆች ሆይ፥ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጆቻችሁን ለሁለት ሰዓት ከቤት ሥራ አሳርፉልን። መምህራን ሆይ፥ የክፍሉን ቁልፍ የሚይዝ አንድ ሰው ከመካከላችሁ ስጡን። የ11ኛ ክፍል ጓደኞቻችን ሆይ፥ በመጪው ዓመት ተራው የእናንተ ነው። የመምህራችን ደግነት ሰዓት ያለው፥ ቦታ ያለው ሥራ ነበር፤ እንዲህ ያለውን ደግነት ሰው ሊወርሰው ይችላል።

ዛሬ በመካከላችን ለተቀመጥሽው ለጓደኛችንም የምንለው አለን። አባትሽ እኛን እንደ ልጆቻቸው አይተውናልና እኅታችን ነሽ፤ በቤታችሁ የተበላውን እራት አንረሳም።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር፤ ለቤተ ሰባቸውም መጽናናትን ይስጥ።