ጭነት አንጭንም ያሉ እጆች



መካነ ሰላም የሰላም ሥፍራ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ወሎ ሰላም ያጣበት ዘመን ነበር፤ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ አይሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ሲደበድቡ የአሜሪካኖች ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም።

የመንግሥታት ማኅበር በወራሪው ላይ ማዕቀብ ጥሎ ነበር። ነገር ግን ነዳጅ ዘይት ከዝርዝሩ ተዘለለ፤ የስዊዝ ቦይም ለወራሪው መርከቦች ክፍት ሆኖ ቀረ። አይሮፕላኑ የሚበርበትን ትቶ ሌላውን መከልከል ምን ዓይነት ማዕቀብ ነው!

ከኃያላኑ ይልቅ የጨከኑት የደርባንና የኬፕታውን ጥቁር የወደብ ሠራተኞች ነበሩ። በ1935 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የኢጣሊያን መርከቦች አናገለግልም አሉ። የቀን ሠራተኛ እምቢ ሲል የሚቀርበት የዕለት እንጀራው ነው፤ በዘር አድልዎ በምትተዳደር አገር ደግሞ የሚከራከርለት ሕግ አልነበረውም። በኒውዮርክ ሐርለምም በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ለሰልፍ ወጣ።

በለንደን ሚስ ሲልቪያ ፓንክረስት የኢትዮጵያን ጉዳይ የሚያሰማ ጋዜጣ አወጡ። የመጀመሪያው እትም የወጣው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም.፥ ጠላት አዲስ አበባ በገባበት ዕለት ነው። ሌላው ተስፋ በቆረጠበት ቀን ጀምረው ሃያ ዓመት ቀጠሉ። በ1953 ዓ.ም. አርፈው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ። የደርባንን ተሸካሚዎች ነገር ግን ከቦረናና ከሳይንት ተማሪዎች ስንቱ ሰምቶት ይሆን?