ስለ ሕፃናት የልደት መዝገብ ለአሶሳ ወላጆች የተነገረ ቃል



በአገራችን የአንድ ልጅ ዕድሜ ስንት እንደ ሆነ በተጠየቀ ጊዜ፥ ማንጎው በበሰለበት ወራት ተወለደ፥ ወይም ማሽላው በታጨደ ጊዜ ነው የሚል መልስ ይሰማል። ይህ አቈጣጠር በቤተ ዘመድ መካከል ይበቃል፤ እናት የልጅዋን ቀን አትስትምና። ዳሩ ግን ልጁ ወደ ትምህርት ቤት፥ ወደ ዳኛ ወይም ወደ ጠረፍ የሄደ እንደ ሆነ፥ ማንጎው ተከትሎ ሊመሰክርለት አይችልም።

የልደት መዝገብ ማለት የልጁን ስም፥ የተወለደበትን ቀንና ስፍራ፥ የወላጆቹንም ማንነት የክብር መዝገብ ሹም ጽፎ የሚያኖርበት መጽሐፍ ነው። አሳቡም አዲስ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በብዙ አንቀጽ ደንግጎት ነበር፤ ነገር ግን በዚያው ሕግ መጨረሻ፥ ሥራው በትእዛዝ እስኪጀመር ይቈይ ስለ ተባለ፥ ከ50 ዓመት በላይ በወረቀት ቀረ። በኋላ በ2004 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 760 ወጣ፤ ምዝገባውም በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ተጀመረ። በዚያው ዓመት በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፥ ከ5 ዓመት በታች ካሉት ልጆች ልደታቸው የተመዘገበላቸው ከመቶው 3 ብቻ ነበሩ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፤ ይኸውም መዝገቡ ዜግነትን ይሰጣል ማለት ነው። አይሰጥም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት አዋጅ እንደሚለው፥ ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሁሉ ኢትዮጵያዊ ነው። እንግዲህ መዝገቡ ለምን ይጠቅማል ቢሉ፥ ያ ወላጅ ማን እንደ ሆነ ያስረዳል። ድንበራችን በ1894 ዓ.ም. በአፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት ውል በተወሰነ ጊዜ የበርታ ሕዝብ ከወዲህም ከወዲያም ቀረ። ቋንቋውና ስሙ አንድ ስለ ሆነ፥ በኵርሙክ በኩል የሚመላለሰውን ልጅ በመልኩና በአነጋገሩ የማን አገር ሰው እንደ ሆነ መለየት አይቻልም። በዚህ ጊዜ የሚናገርለት ጽሑፉ ነው።

ከሱዳን ተሰደው በሸርቆሌና በባምባሲ መጠለያ የሚወለዱትም ሕፃናት ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት መዝገብ ይጻፋሉ። በዚህ ኢትዮጵያውያን አይሆኑም፤ ነገር ግን ወደ አገራቸው በተመለሱ ቀን የማን ልጆች እንደ ሆኑ የሚያሳዩበት ይኖራቸዋል። ሸርቆሌ በ1989 ዓ.ም. ተከፍቶ ሳለ ይህ እስኪፈቀድ 20 ዓመት ማለፉ ግን እጅግ ረጅም ነበረ።

ስለ ሴት ልጆችም አንድ ቃል ልጨምር። ሕጉ ለጋብቻ የወሰነው ዕድሜ 18 ዓመት ነው። ቀኑ ያልተጻፈላትን የ14 ዓመት ልጅ ግን፥ ቁመቷን አይተው ደርሳለች የሚሉ አይታጡም፤ እርስዋም የምትከራከርበት የላትም።

ሥራው ቀላል ነው። ልጁ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ ወላጆች ወደሚኖሩበት ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሄደው ያስመዝግቡ። በጤና ጣቢያ የተወለደ እንደ ሆነ ከዚያ የተሰጠውን ማስታወቂያ ይያዙ፤ በቤት የተወለደም ይመዘገባል። አባትየው ወርቅ ለመቈፈር ርቆ ሄዶ እንደ ሆነ እናቲቱ እርሱን ሳትጠብቅ ታስመዝግብ። 90 ቀን ያለፈበትም ልጅ ቢሆን ዘግይቶ ይጻፋልና አትተዉት። ከመሄዳችሁ በፊት ግን ስሙን አውጡለት፤ የአባቱና የአያቱም ስም እንዴት እንደሚጻፍ መምህሩን ጠይቁ።