የምትበራዋና የምትጠፋዋ መብራት
(በዩኒየኑ የምስረታ በዓል ላይ በአንድ የልማት ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)







በእንዲህ ያለ ቀን ስለ ማዳበሪያና ስለ ምርጥ ዘር መናገር የተለመደ ነው። እኔም የልማት ሠራተኛ እንጂ መካኒክ አይደለሁም። ይሁን እንጂ ማዳበሪያውም ዘሩም ከመጋዘን ወጥቶ ገበሬው ዘንድ የሚደርሰው በመኪና ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ አንድ መኪናና ስለ አንድ ሾፌር እንድናገር ፈቃዳችሁ ይሁን።

ስሙን የማልጠራው አንድ ማህበር በቤንዚን የሚሠራ ፒካፕ መኪና አለው። መኪናው በዳባትና በደባርቅ የገጠር ቀበሌዎች ሲመላለስ የሞተር ሥዕል ያለባት ቢጫ መብራት ዳሽቦርዱ ላይ ትበራለች፤ ጥቂት ቀን ቆይታ ትጠፋለች። ሾፌሩ እያመለከተ ወደ ጎንደር ቢወስደውም ጋራዥ ሲደርስ መብራቷ ጠፍታ ስለምትገኝ “ምንም የለውም” ተብሎ ይመለሳል። አንድ ቀን እንደበራች ደረሰና መኪናው በማሽን ሲመረመር ፒ0131 የሚል ኮድ ወጣ። “ኦክስጅን ሴንሰር ነው” ተባለ፤ በውድ ዋጋ ተገዝቶ ተቀየረ። ሳምንት ሳይሞላ መብራቷ ተመልሳ በራች። የቤንዚን ፍጆታውም አልቀነሰም። ያን ጊዜ ኮሚቴው ጣቱን የቀሰረው በሾፌሩ ላይ ነበር። ቤንዚን ይሸጣል ተባለ፤ ከደመወዙም ተቆረጠበት።

ነገሩን ለመረዳት የሴንሰሯን ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል። 1 ኪሎ ቤንዚን በሚገባ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ኦክስጅን ሴንሰር ካንዴላ የምትመስል ዕቃ ስትሆን የምትገጠመው ከሞተሩ በሚወጣው የጭስ ቱቦ ላይ ነው። ቦሽ የተባለው የጀርመን ኩባንያ የሠራት ይህች ሴንሰር መጀመሪያ የተገጠመችው እ.ኤ.አ. በ1976 በቮልቮ መኪና ላይ ነው። ሥራዋ በጭሱ ውስጥ የተረፈውን ኦክስጅን ለክቶ መናገር ነው። በተለመደው ዓይነት ኦክስጅን ሲበዛ ወደ 0.1 ቮልት፣ ቤንዚን ሲበዛ ደግሞ ወደ 0.9 ቮልት ትልካለች። የሞተሩ ኮምፒዩተርም ይህን እያየ ቤንዚኑን ይጨምራል ወይም ይቀንሳል።

“የደጋው አየር ስለሳሳ ነው” የሚሉ ነበሩ። እውነት ነው፤ ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። ጤነኛ ሞተር ግን ይህን ራሱ ያስተካክላል። በሊማሊሞ ወደ ዛሪማ ሲወረድም እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሳ ኮምፒዩተሩ ቤንዚኑን ስለሚያቋርጥ ሴንሰሯ ብዙ ኦክስጅን ታያለች። ይህም ጤና እንጂ በሽታ አይደለም።

ታዲያ መብራቷ ለምን ትጠፋለች? በብዙ መኪኖች ኮምፒዩተሩ መብራቷን የሚያበራው ጉድለቱን በሁለት ተከታታይ ጉዞዎች ሲያይ ነው፤ ሦስት ጉዞ ጉድለቱን ካላየ ያጠፋታል። ስለዚህ መብራቷ ጠፋች ማለት መኪናው ዳነ ማለት አይደለም። ኮዱ ግን ለተወሰነ ጊዜ ተመዝግቦ ይቆያል።

ሾፌሩ ስሙን ለማጥራት አንድ ደብተር ገዛ። መብራቷ የበራችበትን ቀን፣ ቦታ፣ መንገዱን፣ ጭነቱንና ዝናብ መኖሩን ጻፈ። ከወር በኋላ ሲታይ መብራቷ የምትበራው ከአስፋልት ወጥቶ ኮረኮንች ላይ ሲመላለስ ነበር። ሌላ መካኒክ ደብተሩን አንብቦ ዕቃ ግዙ አላለም፤ ከመኪናው ሥር ገባ። ከሶኬቱ በስተ ሞተሩ በኩል ያለው የሴንሰሯ ሽቦ ከማሰሪያው ወልቆ የጋለውን የጭስ ቱቦ ነክቶ ልባሱ ቀልጧል። መኪናው ሲንገጫገጭ ሽቦው ቱቦውን ይነካል፤ ቮልቱ ወደ ዜሮ ይወርዳል፤ ኮምፒዩተሩም ቤንዚን ያነሰ መስሎት ይጨምራል። ቤንዚኑን የሚጠጣው ሞተሩ ራሱ ነበር! ፒ0131 የሚለውም “ከሴንሰሯ የሚመጣው ቮልት ዝቅ ብሏል” ነው እንጂ “ሴንሰሯ ተበላሽታለች” አይደለም።

እኛ ገበሬዎችና የልማት ሠራተኞች ይህን እናውቀዋለን። የገብስ ቅጠል ቢጫ ሲሆን ዩሪያ አንሶት ይሆናል፤ ማሳው ውሃ ተኝቶበትም ይሆናል። ቦይ ሳይቀድ ዩሪያ የጨመረ ገንዘቡን ከውሃ ጋር ይሸኘዋል።

ስለዚህ ለማህበራት የማሳስበው የሚከተለውን ነው፦

አንደኛ፣ በየመኪናው ውስጥ የጉድለት መመዝገቢያ ደብተር ይኑር።

ሁለተኛ፣ ኮዱ ተነብቦ ሳይጻፍ የባትሪ ገመድ አይነቀል። መብራቷን ለማጥፋት ተብሎ ማስረጃው ይጠፋልና።

ሦስተኛ፣ ዕቃ ከመገዛቱ በፊት ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ሽቦው፣ ሶኬቱ፣ ፊውዙና የጭስ ቱቦው መገጣጠሚያ ይታይ። መገጣጠሚያው ከሾለከ የውጭ አየር ገብቶ ሴንሰሯን ያሳስታታል። ሴንሰሯም የምትበላሽበት ጊዜ አለ፤ ዘይት የሚያቃጥል ሞተርና ያለ አግባብ የተቀባ የሲሊኮን ማሸጊያ ይገድሏታል። ግን ተለክታ ትፈረድባት።

አራተኛ፣ ቢጫዋ መብራት ብልጭ ድርግም ካለች ፍጥነት ቀንሶ በአመቺ ቦታ መቆም ያስፈልጋል። ቀይ የዘይት መብራት ከበራች ደግሞ ወዲያውኑ ሞተር ይጥፋ።

አምስተኛ፣ ኮድ ማንበቢያ መሣሪያ ዩኒየኑ ገዝቶ አባል ማህበራት በጋራ ቢጠቀሙበት መልካም ነው። አንዱ ማህበር ለብቻው የሚከብደውን በጋራ ለማድረግ አይደለም እንዴ የተደራጀነው?

የሾፌሩ ደመወዝ ተመልሶለታል። የኮሚቴው ሰብሳቢ አባትም በጉባኤ ፊት ተነሥተው “ልጄ፣ ይቅር በለን” አሉት። ሽቦውን ለመጠገን ጥቂት ፕላስተርና አንድ ማሰሪያ በቂ ነበር። የሰው ስም ግን እንደ ሽቦ በፕላስተር አይጠገንም። ስለዚህ መዝግበን፣ መርምረን፣ ከዚያ እንፍረድ፤ በመኪናውም በሰውም ላይ።