ቡናው ሲቀላ ትምህርት ቤት ይከፈታል
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



በዚህ በዓል እንድንናገር ዕድል በተሰጠን ጊዜ፣ ከከተማ መጥተን በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ዙሪያ በአያቶቻችን ቤት ስለምንኖረው ልጆች ኑሮ እንናገር ዘንድ ተስማማን። ቁጥራችን ብዙ አይደለም፤ ነገር ግን ጉዳዩ ወላጆችን ሁሉ የሚነካ ይመስለናል።

ከመካከላችን አንዱ ከአዲስ አበባ የመጣው በ15 ዓመቱ ነው። አያቱ ሸምግለው የቡናውን አረም ማረም አቅቷቸው ነበር። ልጁን በመጀመሪያው ሳምንት ያስቸገረው ግን ሥራው አልነበረም። ጎህ ሳይቀድ ጉሬዛ ሲጮህ ደንግጦ ይነሣል፤ በእንጀራ ፈንታ ጎደሬና ቆጮ ሲቀርብለት ሆዱ እሺ አይለውም። ጠዋትም የቡና ቅጠል ተቀቅሎ፣ ዝንጅብልና ሚጥሚጣ ገብቶበት ሲሰጠው፣ «አባባ፣ ፍሬው እያለ ቅጠሉን ለምን እንጠጣለን?» ብሎ ጠየቀ። አያቱም «ፍሬው ለገበያ ነው ልጄ፤ ቅጠሉ ለእኛ» አሉት። ዛሬ እርሱን ሳይጠጣ ከቤት አይወጣም።

ቀጥሎ ሥራው መጣ። ቡና ጥላ ይወዳል፤ ዋንዛውና ብርብራው በየማሳው የሚተዉት ስለዚህ ነው። በብራዚል ሜዳማ እርሻዎች ቡናን መኪና ይለቅመዋል፤ በአያቶቻችን ማሳ ግን በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ቀዩም አረንጓዴውም አብሮ ስለሚገኝ፣ የቀላውን ብቻ በጣት እየመረጡ ወደዚያው ዛፍ ደጋግሞ መመለስ ግድ ነው። የተለቀመው ቶሎ በአልጋ ላይ ሳስቶ ካልተሰጣ ይሻግታል፤ ዝናብ ሲመጣ መሸፈን፣ ፀሐይ ስትወጣ ገልጦ ማገላበጥ አለ። ከ5 እስከ 6 ኪሎ ከሚሆን እሸት ቡና የሚገኘው ንጹሕ ቡና 1 ኪሎ ያህል ነው። (ይህን ስሌት ከክፍል ይልቅ በወገባችን ተምረነዋል።)

ችግሩ ይህ ነው። በቆላው በኩል ቡናው መቅላት የሚጀምረው ትምህርት ቤት በሚከፈትበት በመስከረም ሲሆን፣ ከፍ ባለው አገር ለቀማው እስከ ኅዳርና ታኅሣሥ ይዘልቃል። የቀላ ፍሬ ቅዳሜን አይጠብቅም፤ የቀን ሠራተኛ ለመቅጠርም ሁሉም ገንዘብ የለውም። ስለዚህ በእነዚህ ወራት ከክፍላችን አንዳንዱ ወንበር ባዶ ይሆናል፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ባዶ ሆኖ የሚቀርም አለ። አያቶቻችንን በዚህ አንወቅሳቸውም፤ መሬት ላይ የሚረግፈው የዓመት ልብሳቸውና ቀለባቸው ነውና።

የጓደኛችን አያት በመጀመሪያ «ደብተር ቡና አይለቅምም» ብለው ተቆጥተው ነበር። ልጁ ግን ከክፍል መልስ እየለቀመ፣ የየቀኑን ለቀማ በኪሎ ይመዘግብ ጀመር። ነጋዴው ለመመዘን በመጣ ጊዜ ደብተሩን ከፍቶ ድምሩን አነበበ፤ የነጋዴው ቁጥር ከእርሱ ያነሰ ስለ ነበር እንደገና ተመዘነ። ከዚያ ወዲህ ሚዛን በተሰቀለ ቁጥር «ደብተሩን አምጣ» የሚሉት አያቱ ናቸው፤ ሰኞ ማለዳም ወደ ትምህርት ቤት ሂድ እያሉ የሚቀሰቅሱት እርሳቸው ሆነዋል።

እኛም ከዚህ ተነሥተን የተማሪዎች ደቦ ለማቆም ተነጋግረናል። በለቀማው ወራት በየቅዳሜው በተራ የአንዳችንን አያት ቡና እንለቅማለን። ወላጆቻችን ሆይ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ልጆቻችሁን ልቀቁልን፤ ቅዳሜ ቅርጫት ይዘን በደጃችሁ እንገኛለን። ምሳው ጎደሬ ቢሆንም ግድ የለንም።