ወጣቶችና አረጋውያን ፊት ለፊት ይተያዩ
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናነሳው የመዋጮ ወይም የድንኳን ጉዳይ አይደለም። በሰፈራችን በወጣቶችና በአረጋውያን መካከል ስለተፈጠረው መራራቅ ነው። ባለፈው ክረምት አንዲት እናታችን ሁለት ቀን ሙሉ ታመው ሲተኙ፣ ደጃቸው ላይ ኳስ የሚጫወቱት ልጆች አላወቁም። ልጆቹ ክፉ ሆነው አይደለም። እኚያ እናት ለነሱ «ኳሳችንን የሚቀሙት ሴትዮ» ናቸው እንጂ ስማቸውን እንኳ አያውቁም። እሳቸውም ልጆቹን «ዱርዬ» ከማለት በቀር የማን ልጅ እንደሆኑ አያውቁም ነበር።

ታዲያ ምን ይደረግ? ምክርማ ሞልቷል። ሰብስበን «ታላቅ አክብሩ» ብንላቸው አንገታቸውን ደፍተው ሰምተው ይወጣሉ። እኛ ያሰብነው ሥዕል እንዲማሩ፣ ያውም ከአረጋውያኑ ጋር አብረው ተቀምጠው እንዲማሩ ነው።

ለምን ሥዕል? በጥንት አብያተ ክርስቲያናት ያለውን አሣሣል ልብ በሉ። ሠዓሊዎቹ ጻድቁን ሁለት ዓይኑ እንዲታይ አድርገው ከፊት ይሥሉታል። ክፉውን ግን ከጎን፣ በአንድ ዓይን ብቻ ያሳዩታል። በሰፈራችንም መተያየታችን እንደዚያው ከጎን ሆኗል። ሰው ሊሥል የተቀመጠ ልጅ ግን ፊት ለፊት ማየት ግድ ይለዋል። የአንድ ሽማግሌ እጅ ለመሣል ግማሽ ሰዓት ያንኑ እጅ ይመለከታል። ጠባሳ ሲያይ «አባባ፣ ይኼ ምን ሆነው ነው?» ማለቱ አይቀርም። ጨዋታው ከዚያ ይጀመራል።

ነገሩ የአንድ ወገን እንዳይሆን አረጋውያኑም ከሰል ይዘው ልጁን ይሣሉ። እጃችን ይንቀጠቀጣል የምትሉ አትፍሩ፤ ጀማሪ ሁሉ እኩል ነው። እናቶቻችን ደግሞ ሣሩን ቀለም ነክሮ አለላ ማድረግን፣ የመሶቡን ሐረግ በወረቀት ሳይነድፉ በቁጥር ማውጣትን ያውቃሉ። ይህ እኮ ራሱ ሥነ ጥበብ ነው፤ ለልጆቹ ያስተምሩልን።

በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ አፈወርቅ ተክሌ የሠሩት የመስታወት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ያህል ነው። በሦስት ክፍል የአፍሪካን ያለፈ፣ የአሁንና የወደፊት ዘመን ያሳያል። ሦስቱ ዘመን እዚያ ጎን ለጎን ቆሟል። በእኛ ሰፈር ያለፈውን የሚያውቁት እቤት ተዘግቶባቸው፣ መጪው ዘመን ደጅ ላይ ቆሞ መቅረት የለበትም።

አሠራሩ እንዲህ ይሁን። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማረ አንድ የሰፈራችን ልጅ ያለ ክፍያ ሊያስተምር ፈቅዷል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት፣ ለ8 ሳምንት ይሆናል። አንድ ወጣት ከአንድ አረጋዊ ጋር ይጣመራል፤ ሁለቱ ከአንድ ቤት እንዳይሆኑ። ሽልማትም ውድድርም የለም። የተሣለው ሰው ሳይፈቅድ ሥዕሉ አይሰቀልም።

«አዳራሹ የለቅሶ ዕቃ ማስቀመጫ ነው» ያላችሁ አባላት አላችሁ። እውነት ነው። ዕቃው ወደ ጓዳው ይገባል፤ ለቅሶ ከደረሰ ደግሞ የዚያ ቀን ትምህርት ይቀራል። ይህን በእጅ ማውጣት እንድትወስኑልን እንጠይቃለን።

ሥዕል የታመመ አይፈውስም፤ ይህን እናውቃለን። ዳሩ ግን አንድ ልጅ ፊታቸውን ሲሥል የከረመላቸው እናት በራቸው ሳይከፈት ሲውል፣ ያ ልጅ ሄዶ ያንኳኳል። የምንፈልገው ይህንኑ ነው።

መመዝገብ የምትፈልጉ ከስብሰባው በኋላ ጠረጴዛው ዘንድ እንጠብቃችኋለን።

የማኅበሩ ጸሐፊ